ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወደ 8.0፦ አማርኛ ለሚመዘግቡ ነባር አፕሊኬሽኖች የሽግግር ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሆነውን ማይኤስኪውኤል 8.0ን ነው። የምጽፈውም ለዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩ አፕሊኬሽኖችን ይዞ ከ5.7 መሻገር ላለበት ባለሙያ ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን እንዲህ ያሉ ሦስት ሥርዓቶችን አሻግረናል፤ እነርሱም የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያ፣ የአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ መዝገብ እና የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ናቸው። ሦስቱም ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ሦስቱም የሰው ስም በአማርኛ ይመዘግባሉ፤ ሦስቱንም መጀመሪያ የጻፏቸው ሰዎች ዛሬ በቦታው የሉም። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ አዲሱ ሞተር ከቀድሞው በግልጽ ይሻላል፣ መሻገሩም ያዋጣል። ይሁንና ስህተት አውጥተው የሚቆሙት ለውጦች በጥቂት ቀናት ሲፈቱ፣ ምንም ሳይናገሩ መልሳቸውን የሚለውጡት ግን ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ጊዜውን በዚሁ ልክ እንዲያከፋፍል እመክራለሁ።

8.0 ለአጠቃላይ አገልግሎት የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ነው። ከ5.7 ቀጥሎ በቀጥታ 8.0 መባሉ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ 6.0 ተጀምሮ የተተወ ዕትም ሲሆን፣ 7 ቁጥር ደግሞ ክላስተር በተባለው የምርቱ ዘርፍ ተይዞ ነበር። የሆነ ሆኖ የቁጥሩ ዝላይ ከውስጡ ለውጥ ጋር ይመጣጠናል። በቀድሞዎቹ ዕትሞች የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ቅርጽ ኤፍአርኤም በሚባል የተለየ ፋይል ይቀመጥ ነበር፤ ኢኖዲቢ የተባለው የማከማቻ ሞተርም ስለዚያው ሠንጠረዥ የራሱን መዝገብ ለብቻው ይይዝ ነበር። አንድ ዓምድ እየተጨመረ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሁለቱ መዛግብት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ፋይሉ አለ የሚለውን ሠንጠረዥ ሞተሩ አላውቀውም ይላል። ጄነሬተር በሌለበት ቢሮ ሰርቨር ያስተዳደረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያሳድር ያውቀዋል። በ8.0 ኤፍአርኤም ፋይሎች ቀርተው የሠንጠረዦቹ መግለጫ ሁሉ በራሱ በኢኖዲቢ ውስጥ፣ እንደ ማንኛውም ትራንዛክሽን ተጠብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ሠንጠረዥ የመፍጠር፣ የመለወጥ ወይም የማጥፋት ትዕዛዝ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይም እንዳልተሰጠ ይሆናል። ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ ለዚህ አንድ ነገር ስል እሻገር ነበር።

በሂሳብ ሥራ ላይ ከዚህ የማያንስ ሌላ ለውጥም አለ። በ5.7 ራሱ እየጨመረ የሚሄደው ተራ ቁጥር የሚያዘው በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሞተሩ በሠንጠረዡ ውስጥ ያገኘውን ትልቁን ቁጥር አይቶ ከዚያ ይቀጥላል። የመጨረሻው ደረሰኝ ተሰርዞ ሰርቨሩ በዚያው ዕለት ጠፍቶ ቢነሣ፣ ያው ቁጥር ለሌላ አባል ደረሰኝ ዳግም ይሰጣል ማለት ነው። በ8.0 ቆጣሪው በዲስክ ላይ ስለሚመዘገብ አንዴ የተሰጠ ቁጥር በእንዲህ ዓይነት መንገድ አይመለስም። የማኅበሩ የሂሳብ ሹም ስለ ዳታቤዝ ሞተር ብዙ መስማት አልፈለጉም ነበር፤ ይህን ሳስረዳቸው ግን ሽግግሩ መቼ እንደሚጀመር የጠየቁኝ እርሳቸው ናቸው።

ስህተት አውጥተው የሚቆሙትን ለውጦች በአጭሩ ልለፋቸው። የጥያቄ ውጤቶችን በማስታወሻ ይዞ የሚያቆየው ክዌሪ ካሽ ከ8.0 ጀምሮ ተወግዷል፤ ስለዚህ የሰርቨሩ የቅንብር ፋይል ውስጥ ስለ እርሱ የተጻፈ መስመር ካለ ሰርቨሩ ፈጽሞ አይነሣም። አዳዲስ ቃላት ለቋንቋው ተከልለዋል፤ ከእነርሱም ራንክ፣ ግሩፕስ እና ሲስተም በነባር አፕሊኬሽኖች ውስጥ የሠንጠረዥ ወይም የዓምድ ስም ሆነው በብዛት ይገኛሉ። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት የተማሪውን ደረጃ የሚያስቀምጥበት ዓምድ ስሙ ራንክ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ሙከራ አንድም የውጤት ካርድ አልታተመም፤ ስሙን በባክቲክ ምልክት (`) ከብበን በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተካከልነው። የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ስልትም ተለውጧል። ከፒኤችፒ 7.4 በፊት ያሉት ዕትሞች አዲሱን ስልት በሙሉ ስለማይደግፉ፣ ወይ ፒኤችፒውን ማሳደግ፣ ወይም ለአፕሊኬሽኑ የቀድሞውን ስልት የሚጠቀም መለያ መክፈት ያስፈልጋል። እኛ መጀመሪያ ሁለተኛውን መርጠን ነበር፤ ለምን እንደተጸጸትን በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ዝምተኞቹ ለውጦች ስንመጣ የመጀመሪያው ረድፎችን በቡድን በሚሰበስበው የግሩፕ ባይ ትዕዛዝ የተገኘ ውጤት ቅደም ተከተል ነው። እስከ 5.7 ድረስ በአንድ ዓምድ ተሰብስቦ የተጠየቀ ውጤት፣ ጠያቂው ይደርደርልኝ ባይልም፣ በዚያው ዓምድ ተደርድሮ ይመጣ ነበር፤ ብዙ ፕሮግራመር ይህን እንደ ሕግ ቆጥሮ ኖሯል። በ8.0 ይህ ቀርቷል፤ መደርደሩ ካልተጠየቀ ሞተሩ በሚቀናው መንገድ ይመልሳል። በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ የአባላትን ወርኃዊ ቀሪ ሂሳብ የሚያወጣ አንድ ገጽ ነበር። ገጹ ወራቱን ከዳታቤዙ እየተቀበለ፣ የፊተኛውን ወር ቀሪ ለኋለኛው መነሻ እያደረገ ይደምራል፤ ወራቱ በተራቸው እንደሚመጡ ግን የትም ቦታ አልጠየቀም። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ገጹ ያለ ምንም ስህተት ተከፈተ፣ ቁጥሮችም በንጹሕ ሠንጠረዥ ተደረደሩ፤ የአንዳንዱ አባል ቀሪ ግን የተሳሳተ ነበር። ይህን ያገኘነው አሮጌውንና አዲሱን ሰርቨር ጎን ለጎን አስኪደን፣ የአንድ ወር ሪፖርት ከሁለቱም አውጥተን መስመር በመስመር ስላስተያየን ብቻ ነው። ጉድለቱ በሞተሩ አልነበረም፤ መደርደር የሚፈልግ ሰው መጠየቅ አለበት፣ የኛ ኮድ ግን ሳይጠይቅ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በሦስቱም አፕሊኬሽኖች ውስጥ ግሩፕ ባይ ያለበትን ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ አነበብን፤ አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላየሁለትም።

ሁለተኛው ከኮሌሽን፣ ማለትም ከፊደላት ማነጻጸሪያና መደርደሪያ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው። 8.0 ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ በዩኒኮድ 9.0 ላይ የተመሠረተ አዲስ ኮሌሽን ነባሪ፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ የሚሠራበት፣ አድርጎ ይዟል። ይህ ኮሌሽን ከቀድሞዎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለን ባዶ ቦታ መቁጠሩ ነው። በቀድሞዎቹ «አልማዝ» እና ከኋላው ባዶ ቦታ ያለው «አልማዝ » አንድ ናቸው፤ በአዲሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ካርድ ክፍል ውስጥ ወረፋ እየተመለከተ በፍጥነት የሚጽፍ ሠራተኛ ስሙን ጨርሶ የቦታ ቁልፍን ቢነካ ማን ይፈርድበታል? በሙከራው ሰርቨር ላይ እንደዚህ የተመዘገቡ ታካሚዎች ሲፈለጉ አልተገኙም። ይህ በሥራ ላይ ቢደርስ ኖሮ ለአንድ ሰው ሁለተኛ ካርድ ይከፈትለት ነበር፤ የመድኃኒት አለርጂው የተጻፈበት ካርድ ደግሞ ሳይታይ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ በቀላሉ የሚታለፍ ዝርዝር አለ። ሰርቨሩ ባለበት ቦታ ከተሻሻለ ነባሮቹ ሠንጠረዦች የቀድሞ ኮሌሽናቸውን ይዘው ይቀራሉ፤ የሚያሰጋው መረጃው በዳምፕ፣ ማለትም በጽሑፍ ፋይል መልክ፣ ወጥቶ በአዲሱ ላይ ሲጫን ነው። በ5.7 የነበረ ሠንጠረዥ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የተባለውን የፊደል ስብስብ በዚያ ዘመን ነባሪ ኮሌሽን ይጠቀም ከነበረ፣ ነባሪ በመሆኑ ምክንያት የኮሌሽኑ ስም በዳምፑ ውስጥ አይጻፍም። 8.0 ያንን ዳምፕ ሲያነብ የራሱን ነባሪ ይሰጠዋል። ማንም ምንም ሳይለውጥ የሠንጠረዡ ደንብ ተለወጠ ማለት ነው። መፍትሔው ከመጫን በፊት የኮሌሽኑን ስም በዳምፑ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በተጨማሪ በነባሩ መረጃ ውስጥ የተንጠለጠሉትን ባዶ ቦታዎች አጸዳን፣ አፕሊኬሽኑም ስም ከመመዝገቡ በፊት ጠርዙን እንዲከረክም አደረግን። ያኔ አዲሱን ኮሌሽን ሳንፈራ ለመቀበል ቻልን።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የበላን ግን የአማርኛው አቀማመጥ ነው፤ በአገራችን ከአሥር ዓመት በፊት የተሠሩ ብዙ ሥርዓቶች ይህ ችግር አለባቸው ብዬ ስለማምን በሰፊው ልጻፈው። እስከ 5.7 ድረስ የማይኤስኪውኤል ነባሪ የፊደል ስብስብ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚይዘው ላቲን 1 ነበር፤ ምርቱ ስዊድን ውስጥ የተወለደ በመሆኑ ነባሪ ኮሌሽኑም የስዊድን ነው። ይህን ያልለወጠ ፕሮግራመር አማርኛ ሲያስገባ ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስለዋል፤ ግንኙነቱም ሠንጠረዡም ላቲን 1 ነን ስለሚሉ ባይቶቹ ሳይነኩ ገብተው ሳይነኩ ይወጣሉ፣ ገጹም ትክክለኛ አማርኛ ያሳያል። ዳታቤዙ ግን አማርኛ መያዙን አያውቅም። የዩኒኮድ ፊደላት በባይት በሚጻፉበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለዳታቤዙ ይህ ሦስት የላቲን ምልክቶች ናቸው። በዕለት ተዕለት የምንጠቀምባቸው ፊደላት የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በትክክለኛ ግንኙነት የሚከፍት ሰው በላይዋ ጭረት ያለባት አንዲት የላቲን ፊደል በየሦስት ምልክቱ ስትመላለስ ያያል። ይህን ያየ ሰው ችግሩን አወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚፈተንበት ስህተት ሠንጠረዡን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውጠውን ትዕዛዝ መስጠት ነው። ትዕዛዙ በታማኝነት ይፈጸማል፤ እነዚያን የላቲን ምልክቶች እያንዳንዳቸውን ወደ ዩቲኤፍ 8 ይለውጣቸዋል፣ አማርኛውም በእጥፍ ይቆለፋል። ትክክለኛው መንገድ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት ዓይነት መለወጥ፣ ቀጥሎ ከጥሬ ባይት ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማሳለፍ ነው፤ በመካከሉ ሞተሩ ፊደል መሆኑን ስለሚረሳ ባይቶቹን አይነካቸውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማልረሳው የስሞቹን ነገር ነው። በላቲን 1 ዘመን ሃምሳ ምልክት የተፈቀደለት ዓምድ የሚይዘው ሃምሳ ባይት ነው፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሁለት ባዶ ቦታዎች ተለያይተው ሲጻፉ ለፊደል የሚተርፈው አሥራ ስድስት ብቻ ነው። «ወልደገብርኤል ኃይለማርያም ተክለሃይማኖት» የተባለ ሰው በዚያ ዓምድ ውስጥ «ወልደገብርኤል ኃይለማርያም ተ» ሆኖ ይቀራል። የጥንቱ ሰርቨር ጥብቅ ባልሆነ አሠራር ስለተቀናበረ የተረፈውን ቆርጦ ጥሏል፤ ያስተዋለም አልነበረም። አድራሻ በተመዘገበባቸው ዓምዶች ደግሞ መቆረጡ በፊደሉ መካከል ወድቆ ግማሽ ፊደል የቀረባቸው ረድፎች አገኘን፤ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ስናሳልፋቸው 8.0 አልቀበልም ያለን በእነርሱ ምክንያት ነው። እምቢታው ትክክል ነበር፤ የሰው ስም ለዓመታት ተቆርጦ እንደኖረ የነገረን እርሱ ነው። የጠፉትን ፊደላት ከዳታቤዙ ማግኘት ስለማይቻል፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች የወረቀት ካርዶቹን እያወጡ መልሰው ጻፏቸው። ስማቸውን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስክሪን ላይ ያዩ ታካሚዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

ቀኖችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት የኢትዮጵያን ቀን የሚያስቀምጠው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በተሠራው የቀን ዓምድ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ወር ለኢትዮጵያ ጥቅምት፣ ለዓምዱ ግን ፌብሩዋሪ ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 ሊኖር የማይችል ቀን ይሆናል፣ ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ ቦታ የላትም። በቀድሞው ቅንብር እነዚህ ቀኖች በዝምታ ወደ ዜሮ ቀን ተለውጠው ነበር። በ8.0 ነባሪ ጥብቅ አሠራር ሠንጠረዡን ስንለውጥ ዜሮ ቀን ያለበት ረድፍ ሁሉ አስቆመን። ጥብቁን አሠራር ማጥፋት በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ አላጠፋነውም፤ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊ እንዲቀመጥና ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ እንዲለወጥ አድርገን ኮዱን ጻፍነው።

አዲሱ ኮሌሽን የማይሠራውን ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ አያይም፤ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ልጅ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም። እንዲህ ያለውን ፍለጋ የሚፈልግ ሰው ፊደላቱ ወደ አንድ የተሰበሰቡበት ረዳት ዓምድ ማዘጋጀት አለበት፤ ከአንድ ዓምድ ተሰልቶ ራሱን የሚሞላ ዓምድ ማይኤስኪውኤል ስለሚፈቅድ ሥራው ከባድ አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14.0 የተጨመሩት ለጉራጊኛ የተዘጋጁ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 አራት ባይት ይይዛሉ። የቀድሞው ባለ ሦስት ባይት ዩቲኤፍ 8 ፈጽሞ አይቀበላቸውም፤ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ግን ይይዛቸዋል። በጉራጊኛ የሚጽፍ ማንኛውም ተማሪ ስሙን በራሱ ፊደል ማስመዝገብ እንዲችል ይህ ብቻውን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለመሻገር በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፍጥነቱ የምለው ጥቂት ነው። ክዌሪ ካሽ በመወገዱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቀው የትምህርት ቤቱ የመግቢያ ገጽ መጀመሪያ ዘግይቶ ነበር፤ አንድ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ስንጨምርለት ተስተካከለ። በአንጻሩ ከ8.0.12 ጀምሮ በትልቅ ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ ዓምድ መጨመር መረጃውን ሳይገለብጥ በቅጽበት ያልቃል፤ ከ8.0.18 ጀምሮ ደግሞ ጥያቄው በእርግጥ ተሠርቶ እያንዳንዱ እርምጃ የፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ ትዕዛዝ አለ፤ ኢንዴክሱ የት እንደጎደለ ያወቅነውም በእርሱ ነው። ትንሽ ዲስክ ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በ8.0 የለውጦች መዝገብ የሆነው ባይነሪ ሎግ ሳይጠየቅ የሚጻፍ ሲሆን የሚቆየውም ለ30 ቀን ነው። ይህን ካላስተካከለ ዲስኩ በጸጥታ ይሞላል።

ለሽግግሩ የተዘጋጀው መሣሪያ፣ በማይኤስኪውኤል ሼል ውስጥ ያለው ቅድመ ምርመራ፣ የተከለሉ ስሞችን፣ የተወገዱ ቅንብሮችንና ዜሮ ቀኖችን በጥሩ ሁኔታ ይለቅማል፤ ማንም ሳያስኪደው እንዳይጀምር። የአፕሊኬሽኑን ኮድ ግን አያነብም፤ ቅደም ተከተል ሳይጠይቅ የሚደምረውን ገጽም ሆነ ላቲን 1 ውስጥ የተደበቀውን አማርኛ አያውቅም። አንዴ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ከ8.0 ወደ 5.7 መመለስ አይቻልም፤ ያለው መንገድ ከሽግግሩ በፊት የተወሰደውን መጠባበቂያ ቅጂ መልሶ መጫን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የገባው መረጃ ግን ይጠፋል። ስለዚህ 8.0ን የ5.7ን ለውጦች እየተቀበለ የሚከተል ቅጂ አድርጎ አቁሞ ለሳምንታት ማስተያየትና የተረጋገጠ ዕለት ብቻ መቀየር የተሻለው መንገድ ነው። እኛም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥርዓት ያሻገርነው እንዲሁ ነው።

የ5.7 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሲሆን፣ የ8.0 የድጋፍ ማብቂያ ደግሞ ኤፕሪል 2026 ነው። ረጅም ድጋፍ የተሰጠው 8.4 በኤፕሪል 2024 ወጥቷል፤ ከ5.7 ወደ እርሱ ባሉበት ማሻሻል ስለማይቻል ግን በ8.0 ማለፍ ግድ ነው። የቀድሞውን የይለፍ ቃል ስልት በመምረጣችን የተጸጸትነውም እዚህ ላይ ነው። 8.4 ያንን ስልት ዘግቶ የሚመጣ ሲሆን፣ 9.0 ደግሞ ከነአካቴው አስወግዶታል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ያዘገየነውን ፒኤችፒውን የማሳደግ ሥራ ወደ 8.4 የሚደረገው ሁለተኛው ሽግግር ሲደርስ ከነድርብ ጫናው አገኘነው። ዛሬ ከ5.7 የሚነሣ ሰው ፒኤችፒውን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዳታቤዙን ገና ሳይነካ ያሳድግ።